አስቀድሜ የጻፍኩት ውሳኔ

ይህ ነገር ከሆነ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ ጌዶ አካባቢ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ትልቅ ሥራ ስለሠራሁ አይደለም። አንዲት መስመር ነው የሰረዝኩት፤ የዚያች መስመር ዋጋ ግን ዛሬም ያመኛል።

የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ የመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። የአምቦ ልጅ ስለሆንኩ በኦሮምኛ መጻፍም አይቸግረኝም። ስብሰባችን የታወቀ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ይናገራሉ፣ እጅ ይነሳል፣ ወደ ቤት ይኬዳል። የሚቃወም ሰው ስለሌለ እኔም ሥራ ለማቅለል አንድ መጥፎ ልማድ አመጣሁ። ገና ስብሰባው ሳይጀመር የውሳኔውን ቦታ “ሰገሌ ጉቱን” ብዬ እሞላዋለሁ፤ በሙሉ ድምፅ ማለት ነው። የሚቀረኝ መሃሉ ብቻ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የተማሪዎች ሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ ከዕቃ ክፍል ጠፍቶ ተገኘ። በሩ አልተሰበረም። ወዲያው ስማቸው የተነሳው የጥበቃው የኦቦ ገመቹ ነበር። ኦቦ ገመቹ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ስድስት የቤተሰብ አባላት በዚያች ሥራ የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን የወረዳ ገምጋሚዎች ሊመጡ ስለሆነ ጉዳዩ ቶሎ እንዲዘጋ ፈለጉ። ሐሙስ ሰበሰቡን። አጀንዳው አንድ ነው፤ ኦቦ ገመቹ ከሥራ ይሰናበቱ።

እኔም እንደ ልማዴ “ሰገሌ ጉቱን” ብዬ ጽፌ ገባሁ።

ሰውየውን የጠራቸው የለም። እኛ ስለ እሳቸው ስንወስን እሳቸው ለልጆች የግቢውን በር ሲከፍቱ በመስኮት ይታዩኛል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል። “ኦቦ ገመቹስ ምን አሉ?” ብዬ ጠየቅሁ።

“ምን ሊሉ ኖሯል? ሰረቅሁ ይበሉ?” አለ አንዱ፤ ቤቱ ሳቀ።

እጅ ይነሳ ተባለ። ሃያ አንድ እጅ ተነሳ። ድምፅ ማጉያው ቢጠፋም ድምፃችን አንድ ሆነ። አብራኝ ቤት የተከራየችው መምህርት ሌንሴ በጠረጴዛ ሥር እግሬን ረገጠችኝ። “አንሺ እንጂ! ዝውውርሽን አስቢ” አለችኝ በሹክሹክታ።

እውነቷን ነው። እናቴ አምቦ ውስጥ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ከተኛች ከርማለች። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ወደ አምቦ ልዛወር የሞላሁት ቅጽ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፈራሁ። ግን ቁልቁል መዝገቡን ሳይ ውሳኔው በራሴ እጅ፣ ማንም ሳይናገር ተጽፎ አለ። የዚያን ቀን ያሳፈረኝን ያህል ምንም ነገር አሳፍሮኝ አያውቅም።

እስክሪብቶዬን አንስቼ “ሰገሌ ጉቱን” የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከላዩ ላይ አንድ ሰው፣ ጸሐፊዋ፣ መቃወሟንና ምክንያቷም የተከሰሱት ሰው አለመጠየቃቸው መሆኑን ጻፍኩ።

ከስብሰባው በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። “ብርቱካን፣ ሃያ አንድ ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ነሽ?”

“ተሳስተዋል አላልኩም። ይስረቁ አይስረቁ እኔ አላውቅም፤ በማላውቀው እጄን አላነሳም” አልኳቸው።

የመዝገቡ ገጽ ቁጥርና ማኅተም ስላለው መቅደድ አልተቻለም። ስለዚህ ሌላ መምህር ወደ ወረዳ የሚላከውን በንጹሕ ወረቀት ገለበጠው። “ሰገሌ ጉቱን” ተመልሶ ገባ። ፈርሚ አሉኝ፤ አልፈረምኩም። ኦቦ ገመቹ ግን ታገዱ። ከዚያ በኋላ ሻይ ክበብ ስገባ ወሬው ይቋረጥ ጀመር። “ተካፍላ ይሆናል” ያለም እንደነበር ሌንሴ ነገረችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱ ከወረዳ ተመለሰ፤ የጸሐፊዋ ፊርማ የለበትም ተብሎ። ተከትሎም አንድ የወረዳ ሠራተኛ መጣና ዋናውን መዝገብ አየ። ስርዙን ሲያይ ኦቦ ገመቹን አስጠራቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቁ። ለካ ዕቃው በጠፋበት ቅዳሜና እሑድ የወንድማቸው ቀብር ላይ ነበሩ። ፈቃድ የወሰዱበት ወረቀት ከገዛ ማህደራቸው ውስጥ ወጣ። እስከዚያ ገልጦ ያየው ሰው አልነበረም። ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ማጉያውን ማን እንደወሰደው ዛሬም አይታወቅም።

የእኔ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ሲመጣ ግን “ተግባብቶ የመሥራት ችግር አለባት” የሚል ተጽፎበት ዝቅ ብሏል። ዝውውር በነጥብ ነው። የዚያን ዓመት ሳላገኝ ቀረሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እናቴን አይቼ እሑድ እመለሳለሁ። ሁልጊዜ “መቼ ነው ጠቅልለሽ የምትመጪው?” ትለኛለች። “ደርሷል እማዬ” እላታለሁ። ግንቦት ውስጥ አንድ ረቡዕ፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል እያስተማርኩ ሳለ አረፈች። አጠገቧ አልነበርኩም።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ገመቹ የጥበቃ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከጌዶ ተሳፍረው ለቅሶ መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

“እኔ ማንበብ አልችልም፣ ኢንተለ ኮ። የወረዳው ሰው መዝገቡን ሲገልጥልኝ ጽሑፉ ሁሉ አንድ ነው የሆነብኝ። ስርዙን ግን አወቅሁት። ይሄ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ጸሐፊዋ ናት አለኝ።”

“ኢንተለ ኮ” ልጄ ማለታቸው ነው። አለቀስኩ። ቆይተው ደግሞ “እናትሽ እንዲህ ታመው ምነው ጌዶ ቀረሽ?” አሉኝ። “ዝውውር እምቢ ብሎኝ ነው” አልኳቸው። ለምን እምቢ እንዳለኝ አልነገርኳቸውም።

አሁን አምቦ ነው የማስተምረው። እዚህም ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። የውሳኔውን ቦታ እጅ ተነስቶ እስኪቆጠር ባዶ እተወዋለሁ፤ ቶሎ በይ ይሉኛል፣ አልሰማቸውም። መልሰሽ ትሰርዢያለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ እሰርዛለሁ። ግን የእናቴን አልጋ ሳይ በራሴ የምናደድበት ቀን አለ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ኦቦ ገመቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ በዓል ሲሆን ይደውሉልኛል። የዝውውሩን ነገር እስከ ዛሬ አያውቁም። እዚህ የጻፍኩትም ማንበብ እንደማይችሉ ስለማውቅ ነው። ይህን አንብቦ የሚያውቃቸው ሰው ካለ፣ አደራ፣ እንዳይነግራቸው።