ከነምግቡ የተመለሰው ሳህን

በደሉን አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላው ይቆየኝ። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን እስር ቤት በር ላይ ይቆም የነበረ አብዮት ጠባቂ እናቴ ያመጣችልኝን ምሳ ከነሳህኑ መለሰባት። «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። በዚያን ጊዜ አንዲት እናት እንዲህ ከተባለች ልጇ ተገድላለች ማለት ነበር። እኔ ግን ከበሩ ጀርባ ተቀምጬ ምሳዬን እጠብቅ ነበር። ድምፅዋን ሰምቼ ብጮህም የቀበሌው ድምፅ ማጉያ መዝሙር ይለቅ ስለነበር አልሰማችኝም። ለተገደለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበርና ቤቷ ገብታ ትራስ ነክሳ አለቀሰች።

የታሰርነው ጸሎት ቤታችን ታሽጎብን ሰው ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ ነው። ያስገቡን ድሮ የቀበሌው ሱቅ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላምባና ሳሙና ይሸታል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ነው። አብረን ከታሰርነው ሴቶች ትልቋ ከወለጋ የመጡ እናት ነበሩ፤ ሁላችንም በአገራቸው አጠራር «አዴ» እንላቸው ነበር።

«ግራ እጃችሁን አንስታችሁ መፈክር አሰሙ፤ ዛሬውኑ ቤታችሁ ትገባላችሁ» ሲሉን አዴ፣ «እኔ እጄን የማነሳው ለጌታዬ ነው ልጄ፤ እሱ ደግሞ ሁለቱንም ነው የሚፈልገው» አሉ። ለዚህች መልስ ፀሐይ ላይ ተንበርክከው ዋሉ።

የእኔ ነገር በውሃ መጣ። በር ጠባቂው ለሁላችን በተሰጠ የመጠጥ ውሃ ጫማውን ሲያጥብ አየሁት። «ይኼ የእኛ መጠጥ ነው። ጫማህ ከጠማው ቧንቧው ዘንድ ውሰደው» አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁ። ሳህኑ የተመለሰው በማግስቱ ነው።

ልረግመው አፌን ስከፍት አዴ ክንዴን ያዙኝ። «እርግማኑ ይቆይሽና ሻሽሽን ስጪኝ» አሉ። አረንጓዴ ሻሽ ነበር። የራሳቸውን ባዶ ሳህን ቋጠሩበትና ለዚያው ሰውዬ በበሩ አቀበሉት። እሱም ሳያስተውል ውጭ ለምትጠብቀው ልጃቸው ሰጣት። ልጅቱ አብራን የምትጸልይ ስለነበረች ሻሹን ታውቀዋለች። በማግስቱ በስንጥቁ ሳይ እናቴ ከበሩ ማዶ ቆማለች። ምግብ አልያዘችም። ሻሼን አስራዋለች።

አዴ ግን በዚህ አላበቁም። ከዚያ ወዲህ ሳህናቸውን ባቀበሉት ቁጥር፣ «እንዴት አደርክ ልጄ?» ይሉታል፤ ቀጥለውም፣ «የዚችን ልጅ እናት ለምን አስለቀስክ?»

«አንቺ ጴንጤ አሮጊት፣ ምላስሽ አያርፍም?»

«እግሬን አሰራችሁት፤ እሱ እንኳ ይሥራ እንጂ።»

አንድ ቀን፣ «ይቅር በዪው እንዳይሉኝ፤ እሱ ይቅርታ አልጠየቀኝም» አልኳቸው።

«እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» አሉኝ። «ጥያቄዬን ግን አልተውኩም።»

እንደሳቸው ያለ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ሲፈቱን እንኳ በሩ ላይ ቆመው ጠየቁት። ፊቱን አዞረ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አገር ቤት እስረኛ ተፈትቶ ሰው ሁሉ ስለ ይቅርታ በሚያወራበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ ባሕር ማዶ በምኖርበት ከተማ፣ ኩን ራፒድስ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከጎረቤት ከተማ ከዉድበሪ የመጣ አንድ እንግዳ ሰው ምስክርነት ሊሰጥ ተነሣ። ከዘራ ይዟል። የነበረበትን ቀበሌ ተናገረ፤ አብዮት ጠባቂ እንደነበረ፣ ጌታም ኃጢአቱን ሁሉ ይቅር እንዳለው ተናገረ። ጉባኤው እልል አለ። እኔ ድምፁን አወቅሁት።

ቀጥሎ የጌታ እራት ነበር። እንደ ልማዳችን መጋቢው፣ «ከወንድሙ ጋር ነገር ያለው ሰው ከመቁረሱ በፊት ሄዶ ይነጋገር» አለ። ተነሣሁ።

ታሪኬን የምታውቀው የልጅ ልጄ ቀሚሴን ያዘች። «እማማ፣ ጀስት ሌት ኢት ጎ፤ ልቀቂው በቃ።»

«እኔ ምን ይዣለሁ? መልሱ ያለው እሱ ጋ ነው» አልኳት።

አዴ ከሞቱ ቆይተዋል። እሳቸው ቢሆኑ ሰውዬውን ቆመው ከላይ ወደ ታች አያዩትም ብዬ አሰብኩና ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እንዴት አደርክ?» አልኩት። «እኔ የሳህኗ ልጅ ነኝ። እናቴን ለምን አስለቀስክ?»

ወዲያው ነው ያወቀኝ። «ታዝዤ ነው እህቴ» አለ። «ጊዜው ነው። ሁላችንም ታዘን ነበር።»

እንጀራውና ጽዋው በአጠገባችን አለፉ፤ እኔም አልወሰድኩ፣ እሱም አልወሰደ። ከዘራውን ጉልበቱ መካከል አቆመና ወለል ወለሉን አየ።

«ማንም አላዘዘኝም» አለ። «ጓደኞቼ ስለሳቁብኝ ነው።»