«ሥሩ ይበላል» ብዬ የጻፍኩበት ጣውላ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ አንድ ዶማ፣ አንድ መቀስና ቀዳዳ የበዛበት የውሃ ጎማ ነበር። ቦታው አሶሳ ከተማ ውስጥ ያለ የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ግቢ ነው። የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ደረጀ ግቢውን እየዞሩ አሳዩኝ። ቢጫ የሆነውን ሣር በጫማቸው ነካ አደረጉና «ለዚህ በቦቴ ውሃ እናስመጣለታለን፤ እሱ ግን ይሞታል። ውሃ የማይለምን አትክልት መትከል ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እችላለሁ» አልኩ።

አልችልም ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ባምባሲ አጠገብ ሲያርሱ ከማየት በቀር ስለ ተክል የማውቀው አልነበረም። ቤት ሁለት ሴት ልጆች ስላሉኝ ግን ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

ሀዋ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ በኋላ ረዳቴ ሆና ተመደበች። ሆሞሻ የተወለደች የበርታ ልጅ ናት። ዱሩን እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች። አማርኛዋ ግን ወንድና ሴት አይለይም። አቶ ደረጀ ሲመጡ «ኃላፊ መጣች» ትላለች፤ እኔን «አንተ» ትለኛለች። ጥበቃዎቹ ሲስቁባት «አንተ በኛ ቋንቋ ተናገር፣ እኔ ይስቃል» ብላ ዝም ታሰኛቸዋለች።

መጀመሪያ ሣሩን ገፈፍን። ተዳፋቱን አግድም በድንጋይ ከፋፈልነው፤ ከጣራ የሚወርደው ዝናብ እየሮጠ ከመውጣት ይልቅ እዚያው እንዲሰርግ። በየተክሉ ዙሪያ እንደ ሰሐን ጎድጎድ ያለ ክብ ሠራን። አፈሩን በደረቅ ሣር አለበስነው። በአንድ ወር ውስጥ ምስጥ ሣሩን ተከትሎ ግድግዳው ድረስ ደረሰ። ደነገጥኩ፤ የመንግሥት ቤት ያፈረስኩ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ከቤት አጠገብ ጠጠር፣ ከቤት ራቅ ብሎ ሣር እናደርግ ጀመር።

ዝናቡ ሲረጋጋ፣ በሰኔ፣ ሀዋ ከዱር የምታመጣቸውን ተከልን። ለአጥሩ ቀርከሃ፣ ለድንጋዩ ዳር ሬትና ቅንጭብ፣ ለጥላው ሥር የሚያብቡ ሐረጎች። ካመጣቻቸው ሁሉ እንግዶች የሚቆሙለት አንድ ሐረግ ነበር። የቅጠሉ ጫፍ ተጠቅልሎ ያገኘውን ይይዛል፤ አበባው ቀይና ቢጫ ሆኖ ወደ ላይ የሚነድ ይመስላል። የአማርኛ ስሙን የሚነግረኝ ስላጣሁ የእሳት አበባ አልነው።

በመጀመሪያው በጋ የእሳት አበባው ደርቆ ወደቀ። ገደልኩት ብዬ ጠዋትም ማታም አጠጣሁት። ሀዋ ማጠጫውን ከእጄ ቀማችኝ።

«ጦይባ፣ አንተ ፈሪ ነህ። እሱ አልሞተ። ተኛ። የተኛ ሰው ውሃ ታጠጣለህ?»

ግማሹ በእኔ ውሃ በሰበሰ። የተረፈው በግንቦት አፈሩን ሰንጥቆ ወጣ። የዚህ ሥራ ከባዱ ነገር ለእኔ ዶማው አልነበረም፤ በጋውን ሙሉ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

በሦስተኛው በጋ ቧንቧ ሊቀበር ስለሆነ የእሳት አበባውን መደብ አንሡ ተባልን። ስንቆፍር ሥሩን አየሁ። እንደ ስኳር ድንች ሆኖ ቀጠን ያለ፣ እንደ ጣት የታጠፈ፣ የሞላ። ዶማው የሰባበረውም ብዙ ነበር። ሀዋ ድንጋይ ተሸክማ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሄዳለች።

«ሀዋ፣ ይሄ ይበላል?» አልኳት።

«ይበላል! ሰው ይበላል። ከብትም ይበላል» አለችኝ ሳትዞር።

ደህናዎቹን አዲሱ መደብ ውስጥ ቀበርናቸው። አቶ ደረጀ እንግዶች እንዲያነቡት በየተክሉ ፊት ስሙና ጥቅሙ በጣውላ ይጻፍ ብለው ስለነበር ቀለም አንሥቼ «የእሳት አበባ። ሥሩ ይበላል» ብዬ ጽፌ ተከልኩ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው ይሉኛል። የተሰባበሩትን ሥሮች በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ቤት ወሰድኩ።

እኔ ለልጆቼ የማላውቀውን አልሰጥም። አዲስ ምግብ ከሆነ እኔ ሳልቀምሰው ማንም አይቀምስም። ትልቋ ራህማ በዚህ ትቀልድብኛለች፤ «እማ ውሃም አስቀድማ ትቀምሳለች» ትላለች። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ «ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ልጠሽ ቀቅይው። ሳልመጣ አይነካ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ለሻይ ተቀመጥን። ሥሩ ጨው ይፈልግ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው አፌን የከፈትኩት።

«ሀዋ፣ እናንተ ያንን ሥር ስትቀቅሉ ጨው ታደርጋላችሁ?»

«የቱ ሥር?»

«የእሳት አበባውን። ይበላል ያልሽኝን።»

ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። «ይበላል አልኩ! ሰው ይበላል! አባቴ ላም በላ፣ ሞተ!»

በዚያች ሰዓት እንኳን አባቷ ላም በልተው የሞቱ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አፈር አንሥታ ወደ አፏ አስጠጋች፤ ከዚያ አንገቷን በእጇ አንቃ ዓይኗን ገለበጠች። ገባኝ። ተክሉ ነው ሰው የሚበላው። የአባቷን ላም የበላው እሱ ነው። እኔ ሰው ይበላዋል ብዬ ሰማሁ፤ እሷ ሰው ይገድላል ብላ ነበር የነገረችኝ።

እንዴት ከግቢው እንደወጣሁ አላውቅም። ሀዋ ባጃጅ አስቁማ ወደ ውስጥ ገፋችኝና አብራኝ ገባች። ሹፌሩ «እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል፤ እኔ «ቶሎ ንዳ» እለዋለሁ። 

በሩን ስከፍት አራት ዓመት የሆናት ሰሚራ በርጩማ ላይ ቆማ ወደ መደርደሪያው ትንጠራራለች። ድስቱ እዚያ ነው። ጣቷ ጠርዙን ነክቷል። ከወገቧ መንጭቄ አወረድኳት። ጮኸች። አፏን ከፍቼ በጣቴ ጠረግኩ፤ ምንም የለም።

ራህማ ከጓሮ መጣች። «እማ ምነው? ሳልመጣ አይነካ አላልሽም? እሷ ስታስቸግረኝ ነው ላይ የሰቀልኩት።»

«አንቺስ ቀመስሽ?»

«አልቀመስኩም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ አልቀመስኩም! ምን አደረግኩ?» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

እኔም መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሀዋ ግን አልተቀመጠችም፤ ጓሮውን ዞራ ጠራችኝ። ራህማ ልጣጩን እዚያ ደፍታው ነበር። ቀይዋ ዶሮ ግድግዳው ሥር ክንፏን ጥላ ተጋድማለች። ስነካት አልተነሣችም። ምን እንደበላች አየሁ።

ድስቱን ከነውሃው ቀበርነው። አፈር እየመለስን ሳለ ሀዋ ቀና ብላ «ጦይባ፣ እንጨት ላይ ምን ጻፍክ?» አለችኝ። የአማርኛ ፊደል አታነብም፤ ጠይቃኝም አታውቅም።

ዶማውን ጣልኩ። ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥቼ ደጅ ሲጠብቀን በነበረው ባጃጅ ተመለስን።

መደቡ አጠገብ አቶ ደረጀ ቆመዋል። የወጥ ቤቷ አስቴር መኮትኮቻ ይዛ ጎንበስ ብላለች።

«ጦይባ፣ ጎበዝ ነሽ» አሉኝ አቶ ደረጀ እየሳቁ። «የሚበላ አበባ! አስቴር ለእንግዶች ትሞክረው ብዬ...»

ጣውላውን ከፊታቸው ነቀልኩት። «እንዳትነኪው! መርዝ ነው!»

አስቴር መኮትኮቻውን ጣለች። አቶ ደረጀ ጣውላውን ከእጄ ወስደው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ሳቃቸው ጠፋ።

«ማነው ይበላል ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አይደለም» አለች ሀዋ። «እኔ ነው ያለ። ይበላል አልኩ። ሰው ይበላል።»

«ታዲያ ይበላል ነው ወይስ አይበላም?» ብለው ጮኹ አቶ ደረጀ።

እኔም ሀዋም እኩል መለስን። እኔ «አይበላም» ስል እሷ «ይበላል» አለች። ሁለታችንም እውነት ነበር የተናገርነው።

ነገሩን ሁሉ አስረዳናቸው። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ይሄንን ንቀሉ። የቀሩትን ጣውላዎች ሁሉ ነገ ሁለታችሁ አንድ በአንድ ታያላችሁ» ብለውን ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ዶሮዋ ሞታ አገኘኋት። ግቢ ስደርስ ከሀዋ ጋር ከበሩ ጀምረን ዞርን። በየተክሉ ፊት እየቆምኩ «ማን ማንን?» እላታለሁ፤ እሷ በእጇ ታሳየኛለች። ቅንጭቡ ጋ ስንደርስ ነጩን ወተት ጠቁማ ዓይኗን ሸፈነች። ያ ቅንጭብ ሕፃናት በሚጫወቱበት መንገድ ዳር ሁለት ዓመት ቆሟል፤ ጣውላው ላይ የጻፍኩት «ውሃ አይፈልግም» ብቻ ነበር።

ወደ አጥሩ አዛወርነው። የእሳት አበባውን ሥር ግን ብንለቅምም አልጨረስነውም፤ በግንቦት ከተረሳ ስብርባሪ አንድ ሐረግ ወጣ። አበባው እንደ ድሮው ያምራል። ጓንት አድርጌ ነቀልኩት።

አሁን ሌላ ግቢ ነው የምሠራው፤ ሀዋም አብራኝ ናት። ለአዳዲስ አትክልተኞች የምለው ይህን ነው፦ ጣውላ ላይ «ይበላል» ብላችሁ አትጻፉ። የማታውቁትን ተክል ስትጠይቁ ማን ማንን እንደሚበላ ጠይቁ፤ የሚነግራችሁ ሰው ፊቱን ወደ እናንተ ሳያዞር አትመኑ።