ስኳር ያለበት መንገደኛ

ይህን ስጽፍ የማስታውሰውና የማስታውስ የሚመስለኝ ነገር እየተደባለቀብኝ ነው። መቂ ላይ የገዛነው ፓፓያ ይሁን ብርቱካን፣ ዝዋይ ያደርንበት ጥላ የግራር ይሁን የሾላ፣ ልምልበት አልችልም። የጉዞውን ማስታወሻ ደብተር ለብዙ ዓመታት አጥቼው ስለነበር ታሪኩን በቃል ሳወራ ኖሬአለሁ፤ በቃል የሚወራ ታሪክ ደግሞ ውሎ ሲያድር ተራኪውን እያሳመረ ይሄዳል። አንባቢ ይህን አውቆ ይከተለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን፣ ስኳር በቀበሌው የኅብረት ሱቅ በወረፋ ይገኝ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ናዝሬት አስተምራለሁ። አባቴ ዕድሜአቸውን ሙሉ ባቡር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሐኪም «ስኳር አለብዎት» ካላቸው ወዲህ ግን ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን አልፈው አያውቁም። ጠዋትና ማታ መርፌ ይወጋሉ፤ መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ ምግባቸውም ሰዓት ሊያልፍበት አይገባም። ጎረቤቱ ሁሉ «ስኳር ያለበት ሰው መንገድ አይወጣም» ብሎ ፈርዶባቸዋል። ቡልቡላ የምትኖረው ታላቅ እህታቸው አክስቴ ጽጌ «ሳልሞት ዓይኑን ልየው» ብላ ስትልክባቸው፣ «እኔን ሳታይ ካልሞተች ዕድሜዋ ረዘመ፤ ተዋት» አሉ። በቀልዱ የሳቀ ሰው አልነበረም። ይህን ጉዞ ካልሞከርን አባቴ ዳግመኛ ከናዝሬት እንደማይወጡ ያን ዕለት ገባኝ፤ ለምኜ ለምኜ እሺ አሰኘኋቸው።

ናዝሬት፣ መነሻ

መኪናዋ አሮጌ ኮምቢ ናት። አገር ለቆ የሄደ አንድ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባዬ ነው ያስረከበኝ። ከኋላ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን አግዳሚ ወንበር አላት፤ ከወንበሩ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ከሞተሩ ባትሪ የተለየ ሁለተኛ ባትሪ ተቀምጧል። አባቴ ገና ሲያዩአት ሕግ አወጡ፦ «መብራትና ሬዲዮ ከወንበሩ ሥር ካለው ባትሪ ብቻ! መኪናዋ ቆማ ሳለ የሞተሩን ባትሪ የነካ ሰው ሲገፋ ይውላል።»

የመድኃኒቱን ጉዳይም የፈቱት እሳቸው ናቸው። ትንሽ ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስገቡ፤ በሁለቱ መካከል አሸዋ ሞልተው ውሃ አጠጡት፤ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልለው ከውስጥ አኖሩና አፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፈኑት። ማሰሮውንም ነፋስ እንዲያገኘው መስኮት ሥር አሰሩት። «እኛ ቆላ ስንወርድ ውሃ በሸራ ከረጢት ከባቡሩ ውጭ እናንጠለጥል ነበር» አሉኝ። «ነፋስና እርጥብ ጨርቅ ካለህ በረዶ አትለምንም።»

ውሃ በሁለት ጀሪካን ያዝን፤ ቀይ ክር የታሰረበት የሚጠጣ፣ ክር የሌለው የመታጠቢያ። ለማብሰያ ቡታጋዝ፣ ነፋስ መከለያ እንዲሆን የታጠፈ ቆርቆሮ፣ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ። ምስር፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ አንድ ከረጢት ድርቆሽ።

ስኳርም ነበር። እንደማስታውሰው ከምግቡ ሳጥን ያወጣችው እናቴ ናት። «ስኳር አለበት እየተባለ ስኳር ተሸክሞ መሄድ ምን ማለት ነው?» ስትል ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እሷ ግን «እኔ አልነካሁም» ብላ እስከ ዛሬ ድርቅ ትላለች።

ከከተማው መውጫ ላይ ከወንጂ በኩል የመጣ ሸንኮራ በየመንገዱ ዳር ተከምሯል። አባቴ አንገታቸውን አዙረው ተመለከቱት።

«አንድ አንጓ ብቻ» አሉ።

«አባባ፣ አይቻልም።»

«ልበላው አይደለም እኮ። ልይዘው ነው።»

«መያዝም አይቻልም።»

«ምሁር ወለድኩና እስረኛ ሆንኩ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሞጆ

ሞጆ ላይ ኩፖን ይዤ ለቤንዚን ተሰለፍኩ። አባቴ እግራቸውን ሊያፍታቱ ወረዱ። ስመለስ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ቅዱስ ሥዕል ፀጥ ብለው አገኘኋቸው። መጠርጠር ነበረብኝ።

ኬላው ላይ አንድ ጠባቂ የይለፍ ወረቀታችንን አየና አንገቱን በመስኮት አስገባ። መጋረጃውን፣ ምንጣፉን፣ ቡታጋዙን፣ ማሰሮውን ተራ በተራ ተመለከተ።

«ይሄ መኪና ነው ቤት?»

«መኪና ነው ጓድ» አልኩ።

«አልጋ አለው፣ ማድቤት አለው። ቤት ከሆነ የቤት ቁጥሩ የታለ?»

አባቴ ከኋላ ጣልቃ ገቡ። «ጓድ፣ ናዝሬት አንድ ቤት አለን። ይሄኛው ትርፍ ቤት ነው ካላችሁ ውረሱት። ግን ጠዋት ጠዋት መግፋቱንም አብራችሁ ውረሱ።»

እኔ በመስታወቱ ዝም እንዲሉ ጠቀስኳቸው። ጠባቂው በሳቅ ፈረሰ። «እለፉ አባት! የሚገፋ ቤት መንግሥትም አይፈልግም!»

ዝዋይ

አዋሽን ተሻግረን፣ በዓለም ጤናና በመቂ አድርገን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝዋይ ገባን። ከሐይቁ ዳር ከዓሣ አጥማጆች ሦስት ቆሮሶ ገዛሁ፤ ዋጋው የማይታመን ርካሽ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቁጥሩን ግን አላስታውስም። ኮምቢዋን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አቁሜ ቡታጋዙን ከጥላዋ አኖርኩ። ምክር ከተጠየቅኩ የመጀመሪያው ይህ ነው፦ መኪናህን ከማቆምህ በፊት ነፋሱን አይ፤ ምድጃህ ያረፈበት ቦታ ነው ቤትህ። ዓሣውን በጨውና በሚጥሚጣ አሽቼ ጠበስኩ። አባቴ መርፌአቸውን ተወግተው በሰዓቱ በሉ፤ ከማሰሮው የወጣውን ብልቃጥ ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው «እየው፣ እንደ ምንጭ ውሃ!» እያሉ ኩራታቸው ሌላ ነበር። ሬዲዮአቸውን ከፍተው አልጋቸው ላይ ሲጋደሙ፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ መንገደኛ መሰሉኝ።

አቢጃታ

በማግስቱ አዳሚ ቱሉን አልፈን ቡልቡላ ልንደርስ ስንል አባቴ አሳብ ለወጡ። «ጽጌ ጋ ከገባን ያለ አራት ቀን አትለቀንም። መጀመሪያ የአቢጃታን ሐይቅ ወፎች አሳየኝ።» ከተማዋን አልፈን፣ ከዋናው መንገድ ወጥተን፣ በአቧራው መንገድ ወደ አቢጃታ ወረድን። ወፎቹ ነበሩ። ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ሐይቁ ሮዝ ጥለት የተጠለፈለት ነጠላ እስኪመስል ድረስ፣ በቀጫጭን እግራቸው ቆመዋል። አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

ምሳ ደረሰ። ባለ ቀይ ክሩ ጀሪካን ከግማሽ በታች ጎድሏል። እኔም ንጹሑን ውሃ ለመቆጠብ ብዬ ምስሩን በሐይቁ ውሃ ጣድኩት። «ይፈላል፣ የፈላ ውሃ ንጹሕ ነው» አልኩ በልቤ፤ የተማረ ሰው አስተሳሰብ። ምስሩ በሚያስደንቅ ፍጥነት በሰለ። ደስ ብሎኝ የቀረንን ድርቆሽ በሙሉ ወጡ ላይ አራግፌ ፍርፍር አደረግኩት። አባቴ አንድ ጉርሻ ወሰዱና ፊታቸው ተኮማተረ።

«ልጄ፣ ልብስ ያጠብክበት ድስት ነው?»

ቀመስኩ። ሳሙና።

ከብቶቻቸውን ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ያዩን ነበር። ኦቦ ቱፋ እንደሚባሉ በኋላ ነገሩን። «ቢሻን ኩን ሆራ!» አሉና በአማርኛ ቀጠሉ። «ይሄ ውሃ ሶዳ አለው፤ ለከብት ነው። ከብት ይወዳል። ሰው አይጠጣም።»

«አላወቅኩም» አልኩ።

«ዩኒቨርሲቲ ገብቷል እኮ» አሉ አባቴ።

ኦቦ ቱፋ ከልባቸው አዘኑ። «እዚያ ውሃ መቅመስ አያስተምሩም?»

በቀረው ንጹሕ ውሃ ሽሮ ጣድኩ። ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ነበር፤ ነጭ ጋዙም ሊያልቅ ደርሶ እሳቱ ሰማያዊ ምላሱን እያወጣ ይጠፋል። አንዴ ስለኩስ፣ አንዴ ቆርቆሮ ሳዞር፣ ጊዜው መሄዱን ልብ አላልኩም። የጠዋቱ መርፌ ሥራውን ይሠራል፤ ምሳው ግን የለም።

ቀና ስል የአባቴ ግንባር በላብ ተጠምቋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«አንተ ማነህ?» አሉኝ፤ ተቆጥተው። አባቴ ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ክሊኒክ ያለችው ሲስተር የነገረችን ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፦ «ካላባቸውና ከተንቀጠቀጡ ስኳሩ ወርዷል፤ ቶሎ ጣፋጭ ስጧቸው።» የምግቡን ሳጥን ገለበጥኩት። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጨው። የመቂውን ፍራፍሬ ዝዋይ ላይ ጨርሰነዋል። ከወንጂ አፍንጫ ሥር ተነስተን አንዲት ማንኪያ ስኳር የለንም። ኦቦ ቱፋን «ስኳር፣ ማር፣ ከቤትዎ የሆነ ነገር!» አልኳቸው። ቤታቸው ግን ከኮረብታው ማዶ ሩቅ ነው።

«ባትሪ» አሉ አባቴ አንደበታቸው ተሳስሮ። «ባትሪው…»

የእጅ ባትሪውን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ፀሐይዋ ገና ከላያችን ናት። ሰው በጠራራ ፀሐይ ባትሪ ሲጠይቅ አንድ ነገር ብቻ ነው የታሰበኝ፦ ዓይናቸው ጠፋ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። አብርቼ ፊታቸው ላይ ያዝኩላቸው። በእጃቸው መትተው ጣሉትና የተቀመጡበትን አግዳሚ በመዳፋቸው ደበደቡት። «ባትሪው! ባትሪው ጋ!»

ከእኔ ቀድሞ የገባቸው ኦቦ ቱፋ ናቸው። አባቴን በክንዳቸው ደግፈው አነሷቸው፤ እኔ የወንበሩን ክዳን ከፈትኩ። ሁለተኛው ባትሪ ጎን፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ አንድ ክንድ የሚያህል ሸንኮራ ተኝቷል።

ልጣጩን በጥርሴ ገፈፍኩት። በክሪኩ እጀታ ድንጋይ ላይ ቀጠቀጥኩት፤ በእጄ እየጠመዘዝኩ ውሃውን ወደ ኩባያ ጨመቅኩ። ኦቦ ቱፋ የአባቴን አገጭ ይዘው «ዱጊ፣ ዱጊ፤ ጠጣ ወንድሜ» እያሉ በጥቂት በጥቂቱ አጠጧቸው። ሁለተኛው አንጓ፣ ሦስተኛው። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፤ ለእኔ አንድ ክረምት ነበር። ከዚያ መንቀጥቀጡ ረገበ፤ ላቡ ደረቀ፤ አባቴ ዓይናቸውን አቅንተው የተበተነውን ልጣጭ አዩ።

«ሸንኮራዬን ጨረስክብኝ» አሉ።

እኔ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኦቦ ቱፋ ወደ ኮረብታው ሄደው ወተትና ቂጣ ይዘው ተመለሱ፤ ሦስታችንም ከአንድ ሳህን በላን።

ቡልቡላ

በመንገድ ላይ አባቴን መመርመሬ አልቀረም።

«ሞጆ ላይ ነው የገዙት፤ እኔ ቤንዚን ስጠብቅ።»

«ለጽጌ ነው የገዛሁት። ሸንኮራ ነፍሷ ነው።»

አክስቴ ጽጌ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ወንድሟን አቅፋ እስኪበቃት ካለቀሰች በኋላ የሸንኮራውን ነገር ስነግራት አፏን ከፍታ አሳየችን። «በየትኛው ጥርሴ? አንድስ አለኝ?»

አባቴ መሬት መሬት አዩ። «እሺ፣ ልበላው አልነበረም» አሉ። «ላሸተው ነበር።»

አራት ቀን ሰነበትን። በአራቱም ቀን መርፌው ከማሰሮው ቀዝቅዞ ወጣ፤ ምግቡ በሰዓቱ ቀረበ። አክስቴ ስንሰናበት አንድ ቋጠሮ ስኳር ከራሽኗ ቆንጥራ ሰጠችን። አባቴ ራሳቸው ተቀብለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

መመለሻ

ናዝሬት ስንገባ ጎረቤቱ በር ላይ ተሰብስቦ ነበር። «እንዴት ሆኑ?» ሲባሉ አባቴ ከመኪናዋ ሳይወርዱ «ለመጪው ወር አቦምሳ አስበናል» አሉ። ሄድንም። ከዚያም በኋላ እግራቸው እስኪደክም ድረስ ብዙ ሄድን።

ጉዞው ያስተማረኝ ቀላል ነው። የማታውቀውን ውሃ መጀመሪያ በምላስህ፣ ከዚያ በአካባቢው ሰው፣ በመጨረሻ በድስትህ ፈትነው። ድርቆሽህን በአንድ ድስት አትጨርስ። የእጅ ባትሪህንና የመኪና ባትሪህን በተለያየ ስም ጥራ፤ እኛ ከዚያ ወዲህ የወንበሩን ሥር «ጓዳ» ነው የምንለው። ስኳር ያለበት ሰው ይዘህ ከወጣህ ደግሞ ስኳር ያዝ። የበሽታው ስም ያሳስታል፤ ጣፋጭ የሚከለከለው ያ ሰው ጣፋጭ የሚያድነው ሰው ነው።

ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር ስኳሩን ያወጣችውን እናቴን በፍቅር ስወቅሳት ኖሬአለሁ። አባቴ ካረፉ በኋላ ኮምቢዋን ለመሸጥ ጓዳዋን ስናጸዳ የጠፋው ደብተር ከባትሪው መደብ ሥር ተገኘ። የመጀመሪያው ገጽ የስንቅ ዝርዝር ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ድርቆሽ። ከዚያ «ስኳር፣ ግማሽ ኪሎ» ይልና በሁለት መስመር ተሰርዟል፤ በጎኑም «አባባ ስኳር አለባቸው፤ ስኳር ተሸክሞ መሄድ ምን ማለት ነው?» ተብሎ ተጽፏል። ደብተሩን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ፤ ወደ መብራቱ አስጠግተን ደጋግመን አየነው። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።