የቅጥቅጡን ቁልፍ ያልሰጠሁበት ማለዳ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ወርቁ መፍቻ አላስያዙኝም። የጋራዡም የመኪኖቹም ባለቤት እሳቸው ነበሩ። ከፒያሳ በታች እሪ በከንቱ ባለው ግቢያቸው ከቆመ ቅጥቅጥ ሥር ካርቶን አነጠፉና "ግባ፤ ያየኸውን ንገረኝ" አሉኝ። ቅጥቅጥ የምንለው ድሮ የጭነት መኪና የነበረውን፣ በኋላ ሻንሲው ላይ የአውቶቡስ አካል ተሠርቶለት ሰው መጫን የጀመረውን ነው። ጭቃና ግራሶ አየሁ፤ እንዳየሁትም ነገርኳቸው።

"ይህ መኪና እህል ይጭን ነበር" አሉኝ። "እህል ቁልቁለት ላይ አይጮኽም። አሁን የምንጭነው ይጮኻል። ከእንግዲህ ጎማና ፍሬን ያንተ ሥራ ነው።"

መኪኖቻችን ለሠርግ፣ ለንግሥ፣ ለለቅሶ ይከራዩ ነበር። ከጉዞ በፊት መጀመሪያ ጎማውን በመዶሻ እመታለሁ፤ አየር ያነሰው ድምፁ ይታፈናል። የኋላዎቹ መንታ ስለሆኑ ድንጋይ እንዳልተቀረቀረ እጄን መሀላቸው ሰድጄ እዳስሳለሁ። የውስጥ ጎናቸውን በባትሪ አያለሁ፤ ሾፌር የማያየው እሱን ነው።

ከዚያ ፍሬን። ሞተሩን አስነስቼ ፔዳሉን ረግጬ እይዛለሁ። ጠንክሮ ከቆመ ደግ። እግሬ ሥር ቀስ እያለ ከሰጠመ ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ጎማ ይወልቃል፣ የፍሬኑ ታምቡር ይከፈታል። ሳልጨርስ ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም። ይህ የጋሽ ወርቁ ሕግ ነበር፤ ለራሳቸውም ጭምር።

እትዬ ዘይነባ ከጋራዡ በር አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ የወሎ ሴት ነበሩ። ልጄ ስትወለድ የታቀፈችበትን ጨርቅ ቀደው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ምሳ ሲበሉ "ታዴ፣ ና እጅህን ታጠብ" ሳይሉ አይቀምሱም።

አንድ እሑድ ገና ሲነጋ ጎረቤት ተከትሏቸው መጡ። አባታቸው ከሚሴ ላይ አርፈው ነበር። ቀብሩ በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ዘመዶቻቸው "ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ድረሺ" ብለዋቸዋል። በግቢው የነበረው አንድ ቅጥቅጥ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ተሳፈረ፤ ልጆችም ነበሩ።

ጎማው ደህና ነበር። ፔዳሉ ግን ሰጠመ። የኋላውን ግራ ጎማ ሳወልቅ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ተበልቷል፤ ታምቡሩን ይዞ የሚያቆመው የፍሬን ሸራም በዘይት ርሷል።

"ቁልቁለቱን በማርሽ እየያዝኩ እወርደዋለሁ" አለ ሾፌሩ ካሳሁን።

"ጣርማ በርን?"

ቁልፍ ለመቀበል የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

እትዬ ዘይነባ ወርደው አጠገቤ ቆሙ። "ታዴ፣ አንድ ጊዜ ፊቱን ልየው። ሌላ ምንም አልልህም።"

"እትዬ፣ መኪናው ፍሬን ሲያዝ የሚቆም ቢሆን ኖሮ አልይዝዎትም ነበር። አይቆምም።"

ጋሽ ወርቁ ጎንበስ ብለው ሸራውን በጣታቸው ነኩ። ዓይናቸው እንባ አዝሏል። "አንተ ምን ትላለህ?" አሉኝ።

"አይወጣም።"

"እንግዲህ አይወጣም" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ካሳሁን ቴዎድሮስ አደባባይ ወርዶ ሚኒባስ ለመነ፤ ያን ያህል የሚርቅ አላገኘም። ድሮ መለዋወጫ የምንገዛበት ሱቅ ከጀርባችን ነበር፤ ፒያሳ ሲፈርስ እሱም ሄደ። እሑድ ስለሆነ ሶማሌ ተራ ያለ አንድ ባለሱቅ ከቤቱ በስልክ አስመጥተን ጎሚኒና ሸራ እስክንገዛ፣ ገጥሜ እስክሞክረው ረፋዱ አለቀ። ያን ሁሉ ጊዜ እትዬ ዘይነባ ከመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጠው እጄን ያዩ ነበር። አንድም ቀን እንደዚያ ፈጥኜ ሠርቼ አላውቅም።

በሰላም ደረሱ። ሰው ግን ከመቃብር ሲመለስ መንገድ ላይ አገኙት።

ሲመለሱ ለቅሶ ልደርሳቸው ቤታቸው ሄድኩ። "አላህ ያጽናዎት። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ይቅር የምልህ በደል የለም" አሉኝ። "ልክ ነበርክ፤ መኪናው ውስጥ የሰው ልጆች ነበሩ። ግን አባዬን አላየሁትም። አንተን ባየሁ ቁጥር እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።"

ከዚያ ወዲህ በጋራዡ የኋላ በር መግባት ጀመርኩ። እሳቸውም ለምሳ አልጠሩኝም። የእኛም ሰፈር ተራው ደርሶ ሲነሳ ዕቃቸውን ወደ ኮንዶሚኒየም ያጓዘው ያው ቅጥቅጥ ነው። ከመውጣቱ በፊት ፍሬኑን ፈተሽኩ። የጨርቅ ጥቅላቸውን ታቅፈው ቆመው ያዩኝ ነበር። ፔዳሉ ጠንክሮ ሲቆም ቁልፉን ለካሳሁን ሰጠሁት።

ምናልባት ካሳሁን እንዳለው በማርሽ ይወርደው ነበር። ምናልባት አይወርደውም። ከእኔ በኋላ ወደዚህ ሥራ ለገቡት የምነግራቸው ይህን ነው፦ ያስቀራችሁት መኪና ቢሄድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መቼም አታውቁም። ቢሆንም አስቀሩት።