የጋሽ ደምሴ ቀለበት

ደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ አንድ የጭነት መኪና ሸራው እየተርገበገበ አለፈ። የረጠበ ሸራ ሽታ ሲመታኝ ሳቄ አመለጠኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማ በር ገደላማ መንገድ ነፋስ፣ ገመድ የሚያልፍበትን የሸራውን ቀለበት እየነቀለ አስመረረው። ብረት ቀጥቃጩ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ የማይነቀል ሊሠሩለት ቃል ገቡ። እኔም ሲሠሩ እያየሁ፣ "ጋሼ፣ መርከብ እኮ በሸራ ይሄዳል" አልኳቸው፤ ከትምህርት ቤት ያመጣሁት እውቀት ነው።

"ታዲያ አባትሽ ናፍጣ የሚገዛው አብዶ ነው?" አሉና ቀለበቱን በወፍራም ላሜራ ደግፈው በብሎን አጠበቁት።

በማግስቱ ከደብረ ሲና ሽንኩርት ጭነን ጣርማ በር ስንደርስ ነፋሱ ሸራውን እንደ ፊኛ ነፋው። ቀለበቱ አልተነቀለም። የተነቀለው ገመዱ የታሰረበት የመኪናው የጎን ሳንቃ፣ ስፖንዳው ነበር፤ ሸራውን ተከትሎ ገደል ገባ። ሽንኩርቱም እየተንከባለለ ወደ መጣበት ደብረ ሲና ተመለሰ።

አባቴ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ጋሽ ደምሴ ተጠርተው መጡ፤ ገደሉን ቁልቁል አዩና ደረታቸውን ነፉ።

"ቀለበቴ ንቅንቅ ብሏል? መኪናህን አስጠግን እንጂ!"

ወደ እኔም ዞር ብለው፣ "ለካ እውነትሽን ነው፤ በሸራም ይሄዳል!" አሉ።

የዛሬውን መኪና እስኪርቅ በዓይኔ ሸኘሁት። የማየው ግን ሸራውን አልነበረም፤ ስፖንዳውን ነው።