የሊቀመንበሩ ቤት ሩዝ

ዶ ኦን ቺን የምትኖረው ከምግብ ቤቴ ፊት ለፊት ነው። ምግብ ቤት ስል ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ትልቅ ድስት ማለቴ ነው። ሞሂንጋ እሸጣለሁ፤ ሩዝ ፓስታ በዓሣ መረቅ። በኢራዋዲ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን ሰው ያለ እሱ ጠዋቱን አይጀምርም። እኔ ድስቴን ስጥድ እሷ ትኩስ ሩዝ ይዛ በራፏ ላይ መነኮሳቱን ትጠብቃለች። በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ይመጣሉ፤ በየሳህናቸው አንድ አንድ ጭልፋ ትጨምራለች፤ ዝም ብለው ያልፋሉ። እኛ ዘንድ የሚያመሰግነው ሰጪው እንጂ ተቀባዩ አይደለም።

ልጅ አልወለደችም። እህቷ ስትሞት የተረፈውን ሕፃን አሳደገች፤ ለአካለ መጠን ሲደርስም አመነኮሰችው። የምንኩስና ስማቸው ኡ ዛጋራ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያንን አዝላ ያሳደገችውን ልጅ መሬት ላይ ተንበርክካ «አባ» ትላለች፣ አንቱ ትላለች። ስትደነግጥ ግን «ልጄ» ማለቷ አይቀርም።

ባሏ ኡ ቦ ኒ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ክፉ ነበር ለማለት ይቸግረኛል። ፈሪ ነበር። ከበላይ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ሆዱን ያመዋል፤ ሲሻለው የታዘዘውን ይፈጽማል።

በዚያ ክረምት የናፍጣ ዋጋ ባንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ። አውቶቡስ የሚሳፈር ጠፋ፤ ዘይትና ሩዝ ተወደደ። ሰው በየቤቱ አጉረመረመ እንጂ አደባባይ የወጣ አልነበረም፤ የወጣ የት እንደሚገባ እናውቃለንና። የወጡት መነኮሳቱ ናቸው። ለፍጥረት ሁሉ ደኅንነት የሚለምነውን ጸሎት እየደገሙ፣ ዝናብ እየመታቸው በገበያው መሀል አለፉ። ድንጋይ የወረወረ፣ አፉን ያበላሸ የለም። ወታደሮቹ በዱላ ተቀበሏቸው። አንድ አዛውንት መነኩሴ ክንዳቸው ተሰበረ። ሁለት ወጣት መነኮሳት ከመብራት ምሰሶ ጋር ታስረው ተገረፉ። የትኞቹ ከየትኛው ገዳም እንደመጡ ለመቶ አለቃው በጣቱ እየጠቆመ የነገረው ኡ ቦ ኒ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ አይቶታል።

መነኮሳቱ ይቅርታ እንዲጠየቁ ቀን ቆረጡ። ቀኑ አለፈ፤ የመጣ የለም። ያኔ ጉባኤ ተቀምጠው ሳህናቸውን ደፉ፤ ከወታደርም፣ ከሹምም፣ ከቤተሰባቸውም ምጽዋት አንቀበልም ማለት ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው «ታዲያ የሚራቡት እነሱ አይደሉም ወይ?» ይል ይሆናል። እኛ ግን መነኩሴ ፊቱን ያዞረበት እጅ በዚህም በሚመጣውም ሕይወት ባዶ እንደሆነ እናምናለን።

በማግስቱ ዶ ኦን ቺን እንደ ወትሮዋ ጭልፋዋን ይዛ ቆመች። ከፊት ያሉት መነኩሴ ሳህናቸውን ከድነው አለፉ። ቀጣዩም። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ኡ ዛጋራ መጡ።

«አባ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም፤ ሩዙ ግን የሊቀመንበሩ ነው» አሉና ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ሄዱ።

ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ። ድስቱን አንስታ ወደ ወንዙ ወረደች። ስትመለስ የባልና ሚስቱን ድምፅ መንገዱን ተሻግሬ ሰማሁት።

«ሩዙስ?»

«ወንዝ ውስጥ።»

«ምን አልሽ?»

«ዓሣ ሹምና ድሃ አይለይም፤ በላልኝ።»

«እኔስ ምን ልብላ?»

«የጠቆምክበትን ጣት ብላ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳት አላነደደችለትም። ኡ ቦ ኒ እኔ ጋ መብላት ጀመረ። እሱ ሲቀመጥ የአግዳሚው ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ይነሣል። ጋሪ በብስክሌት የሚነዳው ኮ ፓውክ ብቻ አይነሣም፤ እሱ የሚተርበው ሰው ካላገኘ ምግብ አይወርድለትም።

«ሊቀመንበር፣ ቤትዎ ክብሪት ጠፋ እንዴ?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

«እኔማ እየበላሁ ነው። ጣትዎ እንዴት ዋለች ብዬ ነው።»

ኡ ቦ ኒ አንገቱን ደፍቶ መረቁን ጠጣ።

ብዙም ሳይቆይ ወታደሮቹ ገዳማቱን ከበቡ። መነኮሳቱን እንደ ከብት በጭነት መኪና ጭነው ወሰዷቸው። ኡ ዛጋራ ክንዳቸው የተሰበረውን አዛውንት ሐኪም ቤት ሊጠይቁ ወጥተው ስለነበር አልተያዙም። ወሬውን ሲሰሙ በጓሮ በጓሮ ብለው አክስታቸው ማድ ቤት ገቡ። ሌላ የት ይሂዱ? የሊቀመንበሩን ቤት የሚፈትሽ የለም።

ረፋዱ ላይ ዶ ኦን ቺን መጣች። «ላት ላት፣ አንድ ሳህን ሞሂንጋ ይዘሽልኝ ነይ።»

«አንቺም ለራስሽ ማብሰል ተውሽ?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ልጄ ውስጥ ነው። የእኔን አልበላም አለኝ።»

«እቤትሽ ተደብቀው ሩዝሽን አይበሉም?»

«ሳህኑን የደፋው ጉባኤው ነው፣ ብቻዬን ላቃናው አልችልም አለኝ።»

«ጣሪያሽን ግን ተጠልለዋል!»

«ስለ ጣሪያ ጉባኤው ያለው ነገር የለማ!»

ሁለታችንም ሳቅን። መነኩሴ ከቀትር በኋላ እህል ስለማይቀምስ ቶሎ ብዬ ይዤ ሄድኩ። በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው፣ ተቀበሉኝ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ያሳደገችው ልጅ የሌላ ሴት ምግብ ሲበላ ታያለች። ዓይኗን ከላዩ አልነቀለችም። እኔ ግን ማየት አቃተኝ።

ይሄኔ ኡ ቦ ኒ ገባ። መነኩሴውን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ እኔን አየ።

«እዚህ መሆናቸውን ማን ያውቃል?» አለ።

«ላት ላት» አለች ሚስቱ።

ወዲያው ከውጭ ጥሪ መጣ። «ሊቀመንበር! ና ቤቶቹን አሳየን!»

ወጣ። እኔም ብቆይ ያስጠረጥራል ብዬ ባዶ ሳህኔን ይዤ ተከተልኩት። አንድ አስር አለቃ ከአራት ወታደሮች ጋር በራፉ ላይ ቆሟል። ሳህኔን አየ።

«ምግቡ ለማን ነው?»

ኡ ቦ ኒ ፊቱ አመድ መሰለ። ሆዱን ይዞ ይቀመጣል ብዬ ነበር። «ለእኔ ነው» አለ። «ሚስቴ ማብሰል ካቆመችብኝ ሰነበተች። ሰፈሩን ጠይቅ።»

«እውነቱን ነው!» ብሎ ጮኸ ኮ ፓውክ ከማዶ፣ ምንም የሚያውቀው ነገር ሳይኖር። «ጣትህን ብላ ብላዋለች!»

ወታደሮቹ በሳቅ ፈነዱ። «ሚስትህን ሳትገዛ ነው ቀበሌ የምትገዛው?» አለ አስር አለቃው፤ ከዚያ ይዞት ሄደ። የመንገዱን ቤቶች ሁሉ አስፈተሸው። የእሱን ቤት ያነሣው የለም። ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ኡ ዛጋራ እዚያው ሰነበቱ፤ እኔም ረፋድ ረፋድ ላይ ተመላለስኩ። በኋላ መጎናጸፊያቸውን አውልቀው የኡ ቦ ኒን ሸሚዝና ሽርጥ ለበሱ፣ በተላጨ ራሳቸው ላይ ቆብ ደፉ። ሲያወልቁ አለቀሱ። በጠራራ ፀሐይ ኡ ቦ ኒ ራሱ ከጎናቸው ተቀምጦ፣ በኮ ፓውክ ጋሪ ወደ ሽንኩርት ጫኝ ጀልባዎቹ ወሰዳቸው። ከሊቀመንበር ጋር ያለን ሰው ማን ይጠይቃል?

የቀረውን የነገረኝ ኮ ፓውክ ነው። ወደቡ ላይ ኡ ቦ ኒ መንበርከክ ፈለገ። ሽርጥ ለለበሰ ሰው ቢንበረከክ ግን ያጋልጣቸዋል። የጀልባውን ገመድ የሚያጠብቅ መስሎ ጎንበስ አለና እግራቸው አጠገብ «ይቅር በሉኝ» አለ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ፣ አጎቴ። የጉባኤውን ለጉባኤው ይንገሩ» አሉት።

ለየትኛው ጉባኤ? ገዳሙ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ መነኮሳቱ ግማሹ እስር ቤት፣ ግማሹ የት እንደደረሱ አይታወቅም። ኡ ቦ ኒ ታምሜያለሁ ብሎ ሊቀመንበርነቱን ተወ። ሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ጠባቂ ሆነ። ሚስቱ እሳት አነደደችለት፤ ምጽዋት ግን አልሰጠችም። የሚሰጠውም አልነበረም።

ዓመታት አልፈው ወታደሮቹ ሥልጣን ሲለቁና እስረኞች ሲፈቱ ጥቂቶቹ ተመለሱ። ክንዳቸው የተሰበረው አዛውንትም አብረው ነበሩ፤ ክንዳቸው ተጣሞ ገጥሟል። ኡ ቦ ኒ ሄዶ ፊታቸው ተደፋ። እኔም፣ ኮ ፓውክም፣ የገበያው ሰውም ነበርን። የጠቆመውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ።

«ማን አስገደደህ?» አሉት አዛውንቱ።

«ማንም፣ አባ። ፈርቼ ነው።»

«አሁንስ አትፈራም?»

«አሁንም እፈራለሁ።»

መነኮሳቱ እርስ በርስ ተነጋገሩና ይቅር ብለው ሳህናቸውን አቀኑለት። በማግስቱ ጠዋት ዶ ኦን ቺን ሩዟን ይዛ ወጣች። ስትቸኩል ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ በላ።

ኡ ዛጋራ አልተመለሱም። ከድንበር ማዶ የተሰደዱ ልጆችን ፊደል ያስተምራሉ። አልፎ አልፎ ይደውላሉ፤ አክስታቸው ስልኩ ውስጥ የምትጮኸውን ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ኡ ቦ ኒ የሞተው ወታደሮቹ እንደገና ሥልጣን በያዙ በዓመቱ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ኡ ዛጋራ ለቀብር መምጣት አልቻሉም። ዶ ኦን ቺን ዛሬ ጉልበቷን ስለሚያማት ሩዙን የምታድለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው።