ቅመሺልኝ

ይህን ጽሑፍ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለ ምግብ የማውቀው ያነበብኩትንና ርቦኝ የበላሁትን ብቻ ስለሆነ፣ ዕድሜዋን በምድጃ ፊት ስላሳለፈች ሴት ለመጻፍ የሚያበቃ ነገር በእጄ ስለመኖሩ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ደጋግሜ ጀምሬ ተውኩት። በመጨረሻ «እትዬ ነጂባ፣ ልጻፈው ወይ?» ብዬ ስጠይቃት ቀና እንኳ ሳትል፣ «ጻፈው፤ ግን ምስኪን እንዳታደርገኝ» አለችኝ። ቃሌን መጠበቅ መቻሌን አላውቅም፤ እሞክራለሁ።

ነጂባ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት መንገድ ዳር፣ በሐጂ ጀላል ምግብ ቤት ዋና ምግብ አብሳይ ነበረች። በሩ ላይ ጨረቃ የተሳለበት የሙስሊም ምግብ ቤት ነው፤ ምግቡ ግን የብዙ አገር ነው። የባቡሩ ሐዲድ ሲሠራ ነጂባ በሠሪዎቹ ቱርኮች ካምፕ ድንች ልትልጥ ገብታ የምስር ሾርባቸውን ተምራ ወጣች። ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ይኖሩ ከነበሩ አንዲት የመናዊት አሮጊት ደግሞ መንዲ መሥራት ለመደች፤ መንዲ በቅመም ውኃ የሚበስል፣ ሥጋው በኋላ ገብቶ አብሮ የሚታፈንበት ሩዝ ነው። በዚህም የተነሣ በዚያ አዳራሽ የጅቡቲ ሾፌሮች፣ የአፋር ግመል ነጋዴዎች፣ ሥራው ካለቀ በኋላ አገሩ ያልተመለሰ አንድ ቱርካዊ መካኒክና የደሴን ብርድ ሸሽተው ቁልቁል የሚወርዱ ቤተሰቦች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ይበላሉ። አንዱ የሌላውን አገር ምግብ አዝዞ ሲያበቃ፣ «ይህ ደግሞ በምን ይበላል?» እያለ ጎረቤቱን ሲጠይቅ መስማት የተለመደ ነው።

ይህን የማውቀው አክስቴ ፀሐይነሽ በዚያው ወጥ ቤት ዳቦ ስለምትጋግርና አትክልት ስለምትከትፍ ነው። እኔ ከኩታበር ለትምህርት መጥቼ የምኖረው እርሷ ዘንድ ሲሆን፣ ከክፍል መልስ በጓሮው በር አጠገብ ተቀምጬ አነባለሁ።

አክስቴ ክርስቲያን ናት። በእኛ አገር ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ አይቀምስም። ጠብ አይደለም፤ አብሮ የመኖር ሥርዓት ነው። ስለዚህ አክስቴ በዚያ ቤት ለዓመታት ስትሠራ ሥጋ የገባበትን ድስት አንድ ጊዜም ቀምሳ አታውቅም። ነጂባም የማንም ምላስ አያስፈልጋትም ነበር። በረመዳን እንኳ ጾሟን ይዛ፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አሽትታ፣ «ጨው ይቀረዋል» ትል ነበር። ማታ ሲቀመስ ያለችው ሆኖ ይገኛል።

በጥቅምት ወር ከባድ ጉንፋን ጥሏት ከረመ። እርሷ ስትነሣ አፍንጫዋና ምላሷ አብረዋት አልተነሡም። መጀመሪያ ያወቀችባት አክስቴ ናት። ሽንኩርት አርሮ ጭሱ እኔ ከተቀመጥኩበት ሲደርስ ነጂባ እዚያው ድስቱ ላይ አጎንብሳ ታማስል ነበር።

«አረረ እኮ! ምነው አንቺ፣ አፍንጫሽን አከራየሽው እንዴ?» አለች አክስቴ።

ነጂባ አልሳቀችም። ወደ አዳራሹ የሚወስደውን በር ገፋ አድርጋ ዘጋች።

«ፀሐይዬ፣ ወላሂ ምንም አይሸተኝም። ጨውና ስኳር የምለየው በዓይኔ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከታመምኩ ወዲህ። ለሐጂ እንዳትነግሪብኝ። መቅመስ የማትችል አብሳይ ማን ያስጠጋል? እናቴና ዊዳድ የሚያድሩት በዚህ ምድጃ ነው።» ዊዳድ አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጇ ናት።

ያላደረገችው ነገር የለም። ጥቁር አዝሙድ በማር ዋጠች፤ የዝንጅብል እንፋሎት ታጠነች፤ ሐርቡ መድኃኒት የሚያውቁ ሽማግሌ አሉ ሲሏት እዚያም ወርዳ ተመለሰች። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም፣ «በጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አለቻት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው የበርበሬውን ዕቃ ከፍታ ፊቷን ስትደፋበት አያት ነበር። ታስነጥሳለች፤ ዓይኗ ያነባል፤ ሽታው ግን አይመጣም። ክዳኑን መልሳ ትገጥማለች።

ሁለቱ ሴቶች አንድ ዘዴ አበጁ። ሥጋው ከመግባቱ በፊት ነጂባ የሩዙን ውኃ በማንኪያ ትቀዳና ዝቅ ባለ ድምፅ «ቅመሺልኝ» ትላለች። አክስቴ ቀምሳ፣ «ትንሽ»፣ «ይበቃል»፣ «ቅርንፉድ በዝቷል» ትላታለች። የሥጋውን ጨው ነጂባ በማንኪያ ለክታ በልማድ ታሸዋለች። በዚህ ዓይነት ወራት አለፉ፤ ማንም አላወቀም። ሰው «እጅሽ ይባረክ» ባላት ቁጥር ግን እንደ ቀድሞው ፈገግ ማለት ትታ የተናጋሪውን ፊት ትመረምር ጀመር፤ እውነቱን ይሁን ይሉኝታ ይዞት የምታውቅበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገቡ። አስተናጋጆቹ ሁሉ ሙስሊሞች ስለሆኑ ጾመኞች ናቸው። አክስቴ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም፤ ከዚያ በኋላም ቅቤ የነካውን አታስጠጋም።

«ፀሐይዬ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ምን ይሻለኛል?»

«በዘይት ጀምሪው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እቀምስልሻለሁ፤ ቅቤሽን ከዚያ ወዲህ ጨምሪ።»

«ሥጋውስ?»

«ሥጋው እንግዲህ የአንቺና የአላህ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ወር ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በጾሙ አጋማሽ መብራት ጠፍቶ አደረ። ሐጂ ጀላል ሥጋው እንዳይበላሽ ሰግተው በማለዳ መጡና በገዛ እጃቸው ጨው አሹት። ነጂባ ስትገባ፣ «ሥጋውን አሰናድቸልሻለሁ» አሏት። እርሷ ተቆራርጧል ማለታቸው መሰላት። እርሳቸውም የነጂባን አፍንጫ ስለሚያምኑ ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለጋቸውም። ጨዉ ቀልጦ ሥጋው ውስጥ ሰርጎ ስለነበር ዓይንም አይለየውም። ነጂባ እንደ ልማዷ ለክታ ደገመችበት።

ማታ አዳራሹ ጢም አለ። ሰው ስለበዛ ሳህን እንዳቀብል ተጠርቼ ነበር። አዛን ተባለ፤ ቴምሩና ውኃው ተዳረሰ፤ ሾርባው ተጠጣ። ቀጥሎ መንዲው ወጣ። የመጀመሪያው ጉርሻ እንደተጎረሰ ብዙ እጆች ወደ ውኃው ተዘረጉ።

«ነጂባ!» ብሎ ጮኸ አሚር የሚባል፣ ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልስ ሾፌር። «ጨዉን መጋዘን አራግፌ መምጣቴ እኮ ነው፤ የቀረችውን ደግሞ በእኔ ላይ ትጭኛለሽ?»

ሳቁ አስተጋባ። «ኧረ ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳንጠጣ ውለን!» አለ ሌላው። ከደሴ የመጡ አንዲት እናት የልጃቸውን ሳህን ወደ ጠረጴዛው መካከል ገፉት።

ጄኔሬተሩ ጓሮ ውስጥ ስለሚያጓራ ቃሉ ወጥ ቤት አልደረሰም። ነጂባ በምግብ ማቀበያው መስኮት የምታየው የሚስቁ አፎችንና የሚገፉ ሳህኖችን ብቻ ነበር። ሐጂ ጀላል አንድ ሳህን አንሥተው ገቡ፤ እኔም ባዶ ሳህኖች ታቅፌ ተከተልኳቸው።

«ነጂባ፣ ምን ሆነሽብኝ ነው?»

«ምን ጎደለ ሐጂ?»

«ቅመሺው።»

ጎረሰች። አላመጠች። ዋጠች። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አልተለወጠም። ከዚያም የሐጂን ዓይን እያየች፣ መልሱን ከዚያ የምታነብ ይመስል፣ «ጨው… አንሶት ይሆን?» አለች።

ሐጂ ጀላል ሳህኑን በቀስታ አስቀመጡ።

«ሐጂ፣ እኔ ነኝ!» አለች አክስቴ ከዳቦው ተነጥላ። «ጨዉን የደገምኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ? የእኔን ሥጋ? ያውም በዚህ ጾም?» አሉ ሳይቆጡ። አክስቴ አቀረቀረች።

«ነጂባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥቅምት።»

«ታዲያ ማን ነበር የሚቀምስልሽ?»

ነጂባ ወደ አክስቴ አየች። ሐጂ ጀላል «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ብለው የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጡ።

«ሐጂ፣ በአላህ፣ ምድጃዬን አይውሰዱብኝ» አለች። «እጄ ያውቀዋል። እየለካሁ እሠራለሁ። ቀማሽ ሰው እፈልጋለሁ። ከእንግዲህ ሳላስቀምስ አንድ ሳህን አይወጣም።»

«ሥጋውን ጨው ማሸቴን ሳልነግርሽ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ለዛሬው እኔም አለሁበት» አሉ። «ጨው ደግሞ ምንም አይደለም፤ ተስቆበት ያልፋል። ግን ነገ ሥጋው ቢበላሽ በምን ታውቂያለሽ? ጋዙ ቢያፈተልክስ? ይህን ንገሪኝና ምድጃው ያንቺ ነው።»

ነጂባ ሽርጧን ፈታች፤ አጣጥፋ ግን የት እንደምታኖረው ስላላወቀች እንደያዘችው ቆመች።

ከዒድ በኋላ ከድሬዳዋ ተውፊቅ የሚባል አብሳይ መጣ። ጎበዝ ሰው ነው። ሾርባውንም መንዲውንም ያሳየችው እርሷ ናት፤ ቅመሙን በእፍኟ እየመጠነች ታቀብለዋለች፤ እርሱ ሲቀምስ ፊቱን ታያለች። በመካከሉ ደሴ ወጥታ ሁለት ምግብ ቤቶች ሞክራ ነበር። በሁለቱም «እስቲ አንድ ነገር ሠርተሽ አሳዪን» አሏት። በአንደኛው ጀምራ ሳትጨርስ ወጣች፤ በሌላው ጨርሳ አቀረበች፤ ቀማሾቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምን እንደጎደለው አልጠየቀችም፤ እነርሱም አልነገሯት። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ አብራት የሄደችው አክስቴ እጇን ይዛት እንደነበረ ሰምቻለሁ።

አሁን ነጂባ በሐጂ ጀላል ምግብ ቤት ጓሮ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ዕቃም ታጥባለች። የሚከፈላት በወር አራት ሺህ ብር ነው።